ታወሩን ያጠፋሁበት ቀን

መጨረሻውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ሁላችንም እንገላገል፤ በዚያ ቀን አባቴ ሞቷል። ይኸው እናንተ አወቃችሁ። ዲላ ያለው ሰፈራችን በሙሉ ያውቅ ነበር። አለቃዬ ያውቅ ነበር። ኮንጋ ኮረብታ ላይ ያለው የታወር ጥበቃ ያውቅ ነበር፤ ጎመን የቀቀለችልኝ ሚስቱም ታውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ በዚያ ሰዓት ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጋር ግብግብ ገጥሜ፣ ቀልድ እያወራሁ፣ በራሴ ቀልድ ራሴ እየሳቅኩ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ስስቅ ብታዩኝ አትፍረዱብኝ፤ እኔው ፈርጄበታለሁ።

የምሠራው የስልክ ታወር ጥገና ነው። ጌዴኦ ዞን ውስጥ ከእንሰቱና ከቡናው በላይ ብቅ ያለ ቀይና ነጭ ብረት ካያችሁ፣ አንድ ቀን ሥሩ ቁጭ ብዬ ላቤን አንጠፍጥፌያለሁ ማለት ነው። ከታወሩ ሥር አንዲት ጠባብ ቤት አለች። እቤቷ ውስጥ ራክ የሚባል በር የሌለው የብረት ቁም ሳጥን ይቆማል፤ መሣሪያዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው በብሎን ይታሰሩበታል። ከነሱ መካከል ፊውዝ ፓኔል የሚባል አለ። ከባትሪዎቹ የመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን ያከፋፍላል። አንዱ መሣሪያ ያበደ እንደሆነ የሱን ፊውዝ ብቻ አቃጥሎ ሌሎቹን ያተርፋል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ኩርፊያ ይቀር ነበር።

ስለ ኩርፊያው ልንገራችሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መካኒክ ነበር። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ቀረ፤ ከይርጋጨፌ እስከ ፍስሐ ገነት ያልጠገነው የቡና መፈልፈያ ማሽን የለም። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል። ማሽኑ ውስጥ እጁን አስገብቶ የተሰነቀረ ነገር ሲያወጣ፣ አንድ የማያውቅ ሠራተኛ መጥቶ አስነሳው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ «አጥፍተሃል?»

ሰላም የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። ሥራ በወጣሁ ቁጥር ጠዋት ይደውልና «አጥፍተሃል?» ይላል። «አጥፍቻለሁ አባባ» እላለሁ። «ጎሽ» ብሎ ይዘጋዋል። የጓደኛዬ ሚዜ ሆኜ ሙሽራ ስናጅብ ደውሎ «አጥፍተሃል?» ብሎኛል። ፀጉሬን ስቆረጥ ደውሎ፣ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ቢሰማ፣ ቆራጩ ደንግጦ ማሽኑን ከግድግዳው ነቀለ። የሥራ ባልደረቦቼማ ስልኬ ገና ሲጮህ «አጥፍቻለሁ በላቸው!» እያሉ በሳቅ ይንከተከታሉ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጢም አለኝ። ከኃላፊነት ጋር የሚሰጥ የቁልፍ ዘለላም አለኝ።

በዋዜማው ራት ላይ ታዲያ ትዕግሥቴ አለቀ። «ነገ ደግሞ እንዳትደውልልኝ» አልኩት። «ታወሩን ስዘጋው የእኔም ስልክ አብሮ ይሞታል፤ ብትደውል አታገኘኝም። እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም።» አባቴ ዳቦውን በሦስት ጣቱ መቁረሱን ቀጠለ። እህቴ ሰሚራ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ስወጣ አባቴ የንጋቱን ሶላት ሱብሒን ሰግዶ ተመልሶ ጋደም ብሎ ነበር። ሰሞኑን ደም ግፊቱ ስላስቸገረው አልቀሰቀስኩትም እያልኩ ለሰው አወራለሁ። እውነቱ ግን ገና እንዳኮረፍኩ ነበር።

ኮንጋ ታወር ላይ የምቀይረውን አዲስ ፓኔል ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የይርጋጨፌ ሰው ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሳጥኑን አየ።

«ሪሲቨር ነው?» አለኝ።

«እንደሱ ነገር ነው» አልኩት፤ ማስረዳት ሰልችቶኝ።

«ስንት ቻናል አለው?»

የፊውዞቹን ቀዳዳ ቆጠርኩና «ሃያ» አልኩ። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠልኝ። ያን ቀን ከንፈር የመጠጠልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እሱ እንኳ የመጠጠው ለቻናሉ ነበር።

ኮንጋ ስደርስ የታወሩ ጥበቃ ጂግሶ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። ጂግሶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ፣ ጃኬቱን ፀሐይ ቢያቃጥልም የማያወልቅ ሰው ነው። የቀይ ቡና ሰሞን ስለሆነ ከታች ማጠቢያ ጣቢያው ዘንድ ሰው ይተራመሳል፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ስልክ አለ። «ስንት ሰዓት ኔትወርክ ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ «ሁለት ሰዓት ብቻ!» አልኩት። እሱም እታች ላሉት በጌዴኦኛ ጮኾ ነገራቸው። አንድ ነገር በሕዝብ ፊት ቃል ስገባ ምን እንደሚከተል እናቴ ነፍሷን ይማርና በደንብ ታውቅ ነበር።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኃይሉን ቆረጥኩ። ከታች ከመንደሩ «ኧረ ሄሎ! ሄሎ!» የሚል ድምፅ ትንሽ ተሰማና ጸጥ አለ። የኔም ስልክ ኔትወርክ እንደሌለው አይቼ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ደስ አለኝ፤ ዛሬ ማንም «አጥፍተሃል?» አይለኝም።

የድሮውን ፓኔል መንቀል ነበረብኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደሚሄድ ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፍበታል። ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለጥፏል፤ ለጥፏል ስላችሁ አንዱ ላይ «ይሄኛው»፣ ሁለተኛው ላይ «ያኛው»፣ ሦስተኛው ላይ «አይነካ»፣ አራተኛው ላይ ደግሞ «ጠይቀኝ» ብሎ ነው። ስሙን አልጻፈም፤ ማንን ልጠይቅ? እያንዳንዱን ሽቦ በጣቴ እየተከተልኩ፣ አቧራ እየዋጥኩ፣ ከራኩ ኋላ በሆዴ እየተሳብኩ ለየሁት። ተነሥቼ ሰዓቴን ሳይ አምስት ሆኗል። ቃል የገባሁት ሁለት ሰዓት አለቀ፤ የሠራሁት ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።

አዲሱን ፓኔል አንሥቼ ራኩ ላይ ብለካው ደግሞ አልገባም። በግራና በቀኙ ጆሮ የሚባሉ ሁለት ብረቶች አሉት፤ በብሎን የሚታሰረው በነሱ በኩል ነው። ጆሮዎቹ ሰፍተው ከራኩ ወጡ። ገፋሁት፤ አልሆነም። ሰደብኩት፤ አልሆነም። ሞረድ አወጣሁና ብረቱን እሞርድ ጀመር። አንድ ሰዓት ሞረድኩ። ጂግሶ በበሩ ብቅ እያለ «ደረሰ?» ይለኛል። «ሊደርስ ነው» እለዋለሁ። ከኋላው ሰዎች ከታች እየወጡ ይሰበሰባሉ፤ እኔን እያዩ ያጉተመትማሉ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጋሽ ታደሰ ዲላ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ በዕድራችን እስላሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም አለ። ከእኔ ጋር ግን ስምንት ዓመት ተጣልተናል። የዲሼ ሽቦ በአቮካዶ ዛፋቸው ላይ ያልፋል። ባገኙኝ ቁጥር «ያንተ ሽቦ የኔን አቮካዶ አደረቀ» ይሉኛል። እኔም «አቮካዶ በሽቦ አይደርቅም» እላለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከዚህ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

እና አሁን እኚህ ሰው ከላይ እስከ ታች ቀይ አቧራ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ኮንጋ ኮረብታ ላይ ቆመው ሳያቸው ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ስለ አቮካዶው ሊከሱኝ ከዲላ ድረስ መጡ ብዬ አሰብኩ።

«ደህና ነህ ልጄ?» አሉኝ። «ደከመህ?»

ልጄ! ሞረዱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ደህና ነኝ ጋሼ። ምነው፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። እዚህ ዘመድ አለኝ፣ ልጠይቅ መጣሁ።» ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡና ጣሪያውን አዩ። «አለቃህ ደግሞ መንገድ ላይ አገኘኝ። ዲላ ይምጣ፣ በቶሎ ይፈለጋል አለ። ከእኔ ጋር በሞተር እንሂድ።»

አለቃ በቶሎ ሲፈልግ ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ሁለት ሰዓት ብዬ አራት ሰዓት ሆኗል፤ አንዱ ከኮንጋ ወርዶ ይርጋጨፌ ላይ ደውሎ ከሶኛል፤ ተባርሬያለሁ። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጥኩት። «ጋሼ፣ ይህችን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም። ካባረረኝም ሥራዬን ጨርሼ ያባርረኝ።»

«ተወው ልጄ፣ ነገ ይደርሳል።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ስልክ ጠፍቶበት እንዴት ነገ እላለሁ?»

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው የእኚያ ሰው ጭንቅ ይታየኛል። መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ወገኖቹ ዙሪያውን ከበውት ነው የሚረዳው። ኮረብታ ላይ፣ ብቻውን፣ ያውም በእጁ ሽቦ ይዞ አይረዳም። እሳቸው የተላኩት ሞተር ስላላቸውና አፋቸው ጭምት ስለሆነ ነው። ቀብሩ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ተቆርጧል፤ የኛ ሃይማኖት ደግሞ ሬሳ ማሳደር አይወድም። «ጠብቁን» ብለው እንዳይደውሉ ስልክ የለም። ስልክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ምርጫ አጡና ገብተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ።

«ይቺ ሥራ መቼ ያልቃል?» አሉኝ ቀስ ብለው። አማርኛቸው ከጌዴኦኛ ጋር ስለኖረ ሴቱንና ወንዱን ብዙም አይለዩም።

«ምነው፣ የሚደውሉለት ሰው አለ እንዴ?»

«አለ።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።»

«ይጠብቁ ጋሼ፣ የትም አይሄዱም» አልኳቸው እየሳቅሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የምመኘው ይህችን ዓረፍተ ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ነው።

መሞረዴን ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፓኔሉ ጆሮ ቀሰሩና «ልጄ፣ እሱ ጆሮ ቢዞርስ?» አሉኝ። ልስቅባቸው አፌን ከፈትኩ። ጆሮውን ፈትቼ፣ አዙሬ፣ መልሼ አሰርኩት። ፓኔሉ ከራኩ ውስጥ ሹልክ ብሎ ገባ። አንድ ሰዓት የሞረድኩት ብረት የተሠራው ለሁለት ዓይነት ራክ፣ በሁለት በኩል እንዲታሰር ሆኖ ኖሯል። «ፋብሪካው ነው ያሳሳተኝ» አልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ ታደሰ ይህን ስህተት ለሰፈሩ ሁሉ እስከ ፋሲካ ያወሩት ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና «አይዞህ፣ ጎበዝ ነህ» አሉኝ።

ጂግሶን ወደ ውጭ ጠርተው በጌዴኦኛ አንድ ነገር አሉት። ጂግሶ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬቱን አወለቀና ወለሉ ላይ እንድቀመጥበት አነጠፈልኝ። ወዲያው ሚስቱ ቆጮ በጎመን ይዛ መጣች፤ አይብም ነበረው። «ብላ» አሉኝ ሦስቱም። በላሁ። «ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ። ጂግሶ በእጁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አሁን ገባኝ አልኩ በልቤ፤ ሕዝቡ የባለሙያን ዋጋ ዐወቀ። የውጭ ሰዎቹም ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ማጉተምተማቸውን ትተው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አክብሮት ነው አልኩ።

ሰው ሲከበር አፉ ይከፈታል። አፌን ሞልቼ እየጎረስኩ ስለ ፊውዝ አስተማርኳቸው። ከፊውዝ ወደ አባቴ ተሻገርኩ። «የኔ አባት እኮ» አልኩ፣ «ይሄኔ ቢኖር ደውሎ ያደርቀኝ ነበር። ዛሬስ ገላግሎኛል፤ እንዳትደውል ብዬዋለሁ።» ከዚያም ተነሥቼ አባቴን ሆንኩ። ጎበጥ አልኩ፣ ሁለት ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው ጆሮዬን ያዝኩና በሱ ድምፅ «አጥፍተሃል?» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ፈገግ ያላሉልኝ ሰው በኔ ቀልድ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ነው! ደገምኩት። «አጥፍተሃል?» ትከሻቸው ባሰ። ሠለስኩት። የጂግሶ ሚስት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሮጣ ወጣች። እንደዚያን ቀን ያለ ተመልካች በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከምግቡ በኋላ ገመዶቹን ማሰር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሳጥኑን አካል ከመሬት ጋር፣ ከዚያ ከባትሪ የሚመጡትን ወፍራሞቹን፣ ከዚያ ወደ መሣሪያዎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭኖቹን። የወፍራሙን ኬብል ዳዶ ሳጠብቅ ከጣቴ አመለጠኝ። አንዴ ቅጭል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዳዶዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ነገር ግን አንዱ ቦታ ተሸጉጣ ኃይል ብለቅ ሁለቱን ወገን አገናኝታ ቤቱን በእሳት ልታነሣው ትችላለች። ካልተገኘች መለቀቅ የለም። ከራኩ ኋላ ፈለግኩ፣ ከባትሪዎቹ መሐል ፈለግኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬን አራገፍኩ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አለፈ።

ጋሽ ታደሰ ይህን ጊዜ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉና ጮክ ብለው ይጸልዩ ጀመር። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ልጅ ብርታት ስጠው። እሱ ምንም አላወቀም። በሰዓቱ አድርሰው፣ ጌታ ሆይ።»

ለአንዲት ዳዶ ይህን ያህል መጨነቃቸው አንጀቴን በላው። ሃይማኖታችን ቢለያይም «አሚን» አልኩ። ሲነሡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ መዳፋቸው ላይ ግን ዳዶዋ አለች። ከራኩ እግር ሥር፣ ግንባሩን መሬት ያደረገ ሰው ብቻ በሚያያት ቦታ ነበረች። «አዩ ጋሼ፣ እግዜር ቴክኒሻን ነው!» አልኳቸው። ዳዶዋን መዳፌ ላይ አኑረው ሰዓታቸውን አዩ።

አባቴ ከሚያስተምረኝ ነገር አንዱን ሳልፈልግ ተምሬዋለሁ። አንድ ሽቦ አስሮ ሲጨርስ በሦስት ጣቱ ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ «አንዴ ሳበው» ይለኛል። እኔም እያንዳንዱን ሳብኩ። አሥራ አንደኛው ተነቅሎ እጄ ላይ መጣ። አስተካከልኩት። በቴስተር ብለካ ደግሞ የቁጥር አራት ቀይና ጥቁር ሽቦ ተለዋውጧል። ድሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ከለመድኩት የተለየ ነው፤ እዚህ መሬት የሚነካው ፖዘቲቩ ነውና እጄ በልማድ ሸውዶኛል። እሱንም ፈትቼ አሰርኩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ወረቀት ላይ ስሙን በትክክል ጻፍኩ፤ «ይሄኛው» የሚል አንድም የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማብሪያውን ጫንኩት። የፓኔሉ አረንጓዴ መብራት በራ። መሣሪያዎቹ አንዱ ካንዱ እየተከተለ መተንፈስ ጀመሩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከታች ከኮንጋ የስልክ ጩኸት ተነሣ፤ መንደሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ «ሄሎ» አለ። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ማንም አላጨበጨበም።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ዝግ በነበረበት ጊዜ ማን እንደደወለ የሚያስታውቁት መልእክቶች ይገቡ ጀመር። አናት ላይ ያሉት ሁለቱ ከአንድ ሰው ናቸው። አባባ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ። አባባ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት።

«አላልኳችሁም?» አልኩ እየተንከተከትኩ። «እንዳትደውል ብዬው እንኳ ደውሏል! ቆይ አሁን ልንገረው።» የመደወያውን ቁልፍ ነካሁ።

ጋሽ ታደሰ «አትደውል!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አንድ ክንድ ያህል ዘግይተዋል። ስልኩ ጠራ። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ተነሣ።

«አባባ! አጥፍቻለሁ እኮ! አሁን ደግሞ አብርቻለሁ!»

ከወዲያ ማዶ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁርኣን ይቀራሉ። የመኪና በር ተዘጋ። አንድ ሰው ትንፋሽ ወሰደ፤ ትንፋሹ የእህቴ ነበር።

«ሰሚራ? አባባ የት ነው? ስጪው እስቲ።»

«አልነገሩህም?» አለች ሰሚራ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ጋሽ ታደሰ ስልኩን ከእጄ ወስደው እኔን ደረታቸው ውስጥ እንደወተፉኝ አስታውሳለሁ፤ ሸሚዛቸው አቧራና ቤንዚን ይሸት ነበር። በአንድ እጃቸው እኔን ይዘው በሌላው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ይዤው እየመጣሁ ነው። ጠብቁን። በጌታ፣ ጠብቁን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ውጭ የቆሙት ሰዎች ለቅሶ ጀመሩ። ስልካቸውን ለስድስት ሰዓት ተኩል ያጠፋሁባቸው ሰዎች፣ አባቴን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱልኝ። ጂግሶ ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን አንድ በአንድ ለቅሞ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ።

ጋሽ ታደሰ በዲላ መንገድ ላይ ከበሬ ፈጥነው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሞተሯን ከኮንጋ ዲላ ድረስ አበረሯት። እኔ ወገባቸውን አቅፌ ፊቴን ጀርባቸው ላይ አድርጌ አለቀስኩ። በየመንደሩ ስናልፍ ሰው ሁሉ ስልክ ያወራ ነበር።

ጠብቀውናል። አሱር ተሰግዶ፣ ሬሳው መቃብር ወርዶ፣ ኢማሙና ሰፈሩ በሙሉ ቆመው ጠብቀውናል። በእጄ አፈር አለበስኩት። እጄ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተከማቸው የሽቦ ጥቁረት ከአፈሩ ጋር ተደባለቀ፤ ለማጠብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ከወር በኋላ ጋሽ ታደሰ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ያንተ ሽቦ የኔን አቮካዶ አደረቀ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ወጣሁና ሽቦውን ነቅዬ በሌላ በኩል አሳለፍኩት። አንድ ፌስታል አቮካዶ ላኩልን።

አንድ ነገር ግን ሲበላኝ ኖረ። ሁለቴ ደውሎ ነበር። ሁለቴ ደውሎ አጣኝ። እንዳትደውል ብዬው፣ ኩርፊያዬን ሰምቶ፣ ደውሎ፣ አጥቶኝ ሞተ እያልኩ ለብቻዬ ተብከነከንኩ። ለሰሚራ መናገር ፈራሁ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳላስበው አመለጠኝና ነገርኳት።

ሰሚራ ዳቦውን አስቀምጣ አየችኝ። «አጠገቡ ነበርኩ እኮ» አለች። «መጀመሪያ ሲደውል ያቺ ሴትዮ ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት አይችሉም አለችው። እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ደግሞ ደወለና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያንኑ አለች። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ትራሱ ላይ ጋደም አለ።»

«ከፋው?»

«ምን ይከፋዋል» አለች። «ፈገግ ብሎ ‹ጎሽ፣ አጥፍቷል› አለ። ሻይ አምጪልኝ አለኝ። ሻዩን ይዤ ስመለስ ተኝቷል።»